መኪና ግርግር ላይ ላለችው ልብስ ሰፊ፣ ከነቤተሰቤ አመሰግናለሁ

ሐረር ላይ ጥሩ ልብስ ሰፊ ለምትፈልጉ፣ በተለይ ሴት ልጅ ለምታሳድጉ፣ አንድ ሰው ልጠቁማችሁ። ምስጋናውም ዘግይቶብኛል።

መኪና ግርግርን የማያውቅ ሐረሬ የለም። ጀጎል ውስጥ ከፈረስ መጋላ አደባባይ ተነስታ ቁልቁል የምትወርደዋ ጠባብ መንገድ ናት። ልብስ ሰፊዎቹ የስፌት መኪናቸውን ደጅ አውጥተው ግራና ቀኝ ይቀመጣሉ። ስሟም የወጣላት ከስፌት መኪናዎቹ ድምፅ ነው። አብዛኞቹ ወንዶች ናቸው፤ እኔ የምላችሁ ሰው ግን ሴት ናት። ስሜ አይጻፍ ስላለች አልጽፍም። እኛ ቤት እትዬ ነው የምንላት።

ታናሽ እህቴ 13 ዓመቷ ነው። 7ኛ ክፍል ናት። እናታችን ሸዋ በር አካባቢ የባቢሌ ለውዝ በጣሳ እየሰፈረች ትሸጣለች። እኔ ካፌ ውስጥ አስተናጋጅ ነኝ። አባታችን ካረፈ ወዲህ የምንኖረው በዚችው ነው።

እህቴ ከትምህርት ቤት መልስ እናታችን ጎን ትቀመጣለች። «ለውዝ! ትኩስ ለውዝ!» ስትል ከአስፋልቱ ማዶ ይሰማል። ክፍል ውስጥ ግን ድምፅ የላትም። አንድ ቀን አስተማሪዋ አስጠርታኝ «ልጅቷ ትናገራለች ወይ?» አለችኝ። ክው አልኩ።

ለካ ምክንያቱ ቀሚሷ ኖሯል። የዩኒፎርም ጉርዷ የአክስታችን ልጅ የለበሰችው ነው። መቀመጫው ላይ ሳስቶ ተቀዶ ነበር። ሰማያዊ ክር ስላልነበረኝ በነጭ ክር በእጄ ሰፍቼላታለሁ። ወደ ሰሌዳ ውጪ ስትባል ጀርባዋን ለክፍሉ መስጠት አለባት። ያንን ነጭ ክር ሁሉም ያየዋል። ስለዚህ መልሱን እያወቀች «አላውቀውም» ትላለች። እጇንም አታወጣም።

ሌላም ነገር ነበር። የወር አበባዋ ከጀመረ አምስት ወር ሆኖት ነበር። አልነገረችንም። «ሆዴን አመመኝ» ብላ በየወሩ ሦስት አራት ቀን ትቀራለች። እኔ ያወቅሁት ፍራሽ ሳነሳ ነው። ታጥቦ ያልደረቀ ቁራጭ ጨርቅ ከስሩ ተወሽቆ አገኘሁ። ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ሞዴስ በየወሩ መግዛት ለኛ ከበድ ይላል። ቢሆንም የከበደኝ እሱ አልነበረም። ለኔ መንገር መፍራቷ ነው።

እትዬ ጋ የሄድነው ቀሚሱን ለማስጠገን ብቻ ነበር። ዞር ዞር አድርጋ አየችውና እህቴን «ምን እንዲሆንልሽ ትፈልጊያለሽ?» አለቻት። እኔ ልመልስ ስል በእጇ አስቆመችኝ። «የምትለብሰው እሷ ናት እኮ» አለች። መኪናዋን አቁማ ጠበቀች። እህቴ የጫማዋን ጫፍ ታያለች። እትዬ አልተጣደፈችም፤ «ተናገሪ እንጂ» ብላም አላስጨነቀቻትም። እኔ ግን እያላበኝ ነበር።

እውነቱን ልናገር። ያቺን ልጅ ምን ትፈልጊያለሽ ብያት አላውቅም። የተገኘውን ለበሰች፣ የተረፈውን ጫማ ተጫማች። ክፉ ሆኜ አይደለም። ምርጫ ስለሌለ መጠየቁም አይመጣልህም።

«ኪስ» አለች በመጨረሻ። ድምፅዋ አይሰማም ነበር።

«ለምን የሚሆን?»

ጠጋ ብላ በጆሮዋ ነገረቻት። እትዬ ራሷን ነቀነቀችና «አንቺ ሻይ ጠጥተሽ ነይ» ብላ አባረረችኝ።

በሦስተኛው ቀን ተቀበልን። መቀመጫው ያለውን የሳሳ ጨርቅ ሙሉ በሙሉ ተርትራ አውጥታ በተመሳሳይ ቀለም ተክታዋለች። ቅምቅማቱን አራት ጣት ያህል ወደ ውስጥ አስቀርታላታለች፤ ልጅቷ ስትረዝም እየተፈታ ይለቀቃል። ኪሱም ጥልቅ ነው፣ አዝራር አለው። ከሱ ጋር እየታጠበ ደጋግሞ የሚያገለግል የጨርቅ ሞዴስ አራት ሰፍታላታለች። ላዩ ለስላሳ ጥጥ ነው፣ ስሩ እንደ ጃንጥላ ጨርቅ ውሃ የማያሳልፍ። በግራና በቀኝ ክንፍ አለው፤ ከውስጥ ሱሪ ስር ዞሮ ይቆለፋል፣ አይንሸራተትም።

አስተጣጠቡንም ለራሷ ለእህቴ ነበር ያስረዳቻት። መጀመሪያ በቀዝቃዛ ውሃ መዘፍዘፍ፣ ሙቅ ውሃ ደሙን ጨርቁ ላይ ያጣብቀዋል። ከዚያ በሳሙና አጥቦ ፀሐይ ላይ ማስጣት። «ፍራሽ ስር አይደረግም፣ እርጥበት ያሳክካል። እንደ ማንኛውም ልብስ ገመድ ላይ ይሰጣል» አለቻት። ውሃ በሚጠፋበት ሰፈር ማጠቡ ቀላል አይደለም። አንድ ጀሪካን ለዚሁ እንለያለን አሁን። ገመዳችን ላይም ፀሐይ ላይ ይሰጣል፤ እናታችን መጀመሪያ ጎረቤት አፍራ ነበር፣ ኋላ ተወችው።

ዋጋውን በሁለት ጊዜ ነው የከፈልኩት። ቀሪውን በደብተሯ ጻፈች እንጂ ፊቷን አላጠቆረችብኝም።

ከዚያ ወዲህ እህቴ አንድ ቀን አልቀረችም። ባለፈው የወላጆች ስብሰባ ላይ ተማሪዎችም ተጠርተው ነበር። «ጥያቄ ያለው?» ሲባል አንዲት ልጅ ከኋላ ተነሳች። የኔዋ ናት። እጇን ኪሷ ውስጥ ከታ፣ «የሴቶች ሽንት ቤት መቀርቀሪያ የለውም። አንዳችን ስንገባ አንዳችን በር እንይዛለን። ውሃም የለም። በወር አበባ ጊዜ ቤት የምንቀረው ለዚህ ነው» አለች። ወር አበባ የሚለውን ቃል በዚያ ሁሉ አባት ፊት! ድምፅዋ ትንሽ ተንቀጠቀጠ፣ ግን አልቆመችም። ለውዝ የምትሸጥበት ድምፅ ነበር። በሳምንቱ መቀርቀሪያው ተገጠመ፣ በርሚልም ተቀመጠ። በርሚሉ አንዳንድ ቀን ባዶ ይውላል፤ ያን ጊዜ ሄዳ ትነግራቸዋለች።

እትዬን ለማግኘት፦ ከፈረስ መጋላ ስትወርዱ መኪና ግርግር ላይ «ሴቷ ሰፊ» ብላችሁ ጠይቁ፣ ማንም ያሳያችኋል። ለመስከረም ዩኒፎርም የምታሰፉ በነሐሴ መጀመሪያ ሂዱ፤ በኋላ ወረፋው አይቻልም። የጨርቅ ዋጋ ስለሚለዋወጥ ሂሳቡን እዚያው ተነጋገሩ። ልጃችሁን ይዛችሁ ሂዱ፣ ያለ እሷ አትለካም።

እህቴ ይህን እንድጽፍ ፈቅዳልኛለች። አጠገቤ ቁጭ ብላ እያነበበች ነው። «ኪሱ ሁለት ነው፣ አስተካክይው» አለችኝ። ሁለት ነው።