አራት ወር ያንገላታንን ብልሽት በአንድ ከሰዓት ላገኙልን ጋሼ

የአውሮፕላናችን የአምፔር መለኪያ መርፌ ዛሬ ጸጥ ብሎ ቆሟል። ይህን ለማየት አራት ወር ፈጅቶብናል። ምስጋናዬን በአደባባይ የምጽፈው ለዚህ ነው። ትንሽ አውሮፕላን ያላችሁ ደግሞ አንብባችሁ ብትጠቀሙበት ደስ ይለኛል።

ከጓደኛዬ ጋር በጋራ የያዝናት አንዲት አሮጌ ሴስና 172 አለችን። ባለ 14 ቮልት ናት። ችግሩ ሲጀምር ቀላል ነበር የመሰለን። መርፌው ይንቀጠቀጣል፣ የፓነሉ መብራት ደመቅ ፈዘዝ ይላል። እያደር ግን ባሰበት። አንድ ቀን አመሻሽ ላይ ልናርፍ ስንቃረብ የማረፊያ መብራቱን አበራሁ። በሞተሩ ኃይል ኤሌክትሪክ የሚያመነጨው አልተርኔተር ወዲያው ከሥራ ወጣ። መርፌው ወደ ግራ ወደቀ።

ሞተሩስ አይጠፋም። ብልጭታውን የሚያገኘው ከማግኔቶ ነው፤ ማግኔቶ ባትሪም አልተርኔተርም አይጠይቅም። ሬዲዮና መብራት ግን ባትሪው እስከቻለ ድረስ ብቻ ነው። የማያስፈልገውን ሁሉ አጥፍተን በሰላም አረፍን። ጓደኛዬ ከአውሮፕላኑ ወርዶ ለረጅም ሰዓት አልተናገረም።

ከዚያ በኋላ የመጣውን ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። አንድ ጥገና ቤት አልተርኔተሩን ቀየረልን። ሁለት ሳምንት ደህና መስሎ ቆየና ተመለሰ። ቀጥሎ ቮልቱን የሚቆጣጠረው ሬጉሌተር ተቀየረ። ከዚያ ባትሪው። ዕቃው ሁሉ አዲስ ሆነ፣ መርፌው ግን እንደ ድሮው።

እኚህን ባለሙያ ያገኘናቸው በሰው በሰው ነው። ስማቸውን በይፋ እንዳልጽፍ ስለለመኑኝ ጋሼ እያልኩ ልቀጥል። እኛም የምንጠራቸው እንዲሁ ነው።

ጋሼ ሲመጡ የመሣሪያ ሳጥናቸውን አልከፈቱም። ክንፉ ሥር ቁጭ ብለው ይጠይቁን ጀመር። ሲሞቅ ነው ሲቀዘቅዝ? ምን ስታበሩ ይብሳል? አልተርኔተሩ ሲወጣባችሁ ስዊቹን አጥፍታችሁ ብታበሩት ይመለሳል? "አዎ፣ ይመለሳል" አልናቸው። ፈገግ አሉ። "እንግዲያው አልሞተም። የሆነ ነገር እያጠፋው ነው።"

የሚያጠፋው ከልክ ያለፈ ቮልት የሚከላከለው መሣሪያ ነበር። በእንደኛዋ ዓይነት አውሮፕላን ቮልቱ ወደ 16 ሲጠጋ፣ ዕቃ እንዳይቃጠል አልተርኔተሩን ይቆርጠዋል። እኛ ኃይል አነሰ ስንል ለካ በዝቶ ኖሯል!

ከዚያ የሽቦውን ንድፍ ዘርግተው ሚተራቸውን አወጡ። ሞተሩ አልተነሳም። ማስተር ስዊቹ (ዋናው ማብሪያ) ግን በባትሪውም በአልተርኔተሩም በኩል ተከፍቷል። የሚተሩን አንድ ጫፍ ኤሌክትሪኩ ወደ ሁሉም ዕቃ የሚከፋፈልበት ዋናው ባስ ላይ፣ ሌላውን ወደ ሬጉሌተሩ የሚገባው ሽቦ ላይ አደረጉ። ሁለቱ በአንድ መስመር የተገናኙ ስለሆኑ ሚተሩ ለዜሮ የቀረበ ነገር ማሳየት ነበረበት። 1.3 ቮልት አሳየ። ጓደኛዬ "ሚተሩ ተበላሽቶ ይሆን?" አለ። ጋሼ መልስ ሳይሰጡ ጫፎቹን እያቀራረቡ ሄዱ። ከረንት ሲበዛ መስመሩን የሚቆርጠው ብሬከር ላይ 0.3። የማስተር ስዊቹ የአልተርኔተር ጎን ላይ 0.9።

ስዊቹን ፈተው አሳዩን። ውስጡ የሚነካካው ብረት ጠቁሯል፣ ተቦርቡሯል። ብሬከሩ ላይ ያለው ብሎን ደግሞ ያለ ካቻቢቴ፣ በጣት ይዞራል።

ነገሩን እንዲህ አስረዱን። የእኛ ሬጉሌተር የአውሮፕላኑን ቮልት የሚያነበው በዚያው መስመር ነው። መንገድ ላይ 1.3 ቮልት ሲጠፋ 14ቱን 12.7 አድርጎ ያየዋል። አነሰ ብሎ አልተርኔተሩን ይገፋዋል። ሲገፋው በመስመሩ የሚያልፈው ከረንት ይጨምራል፣ የሚጠፋውም ቮልት አብሮ ይለዋወጣል። መርፌውን የሚያንቀጠቅጠው ይኸው ነው። የማረፊያ መብራቱ ሲበራ ደግሞ አልተርኔተሩ የበለጠ ይሠራል፤ ባሱ ላይ ያለው ቮልት ወደ 16 ይጠጋና መከላከያውን ይቀሰቅሰዋል።

አንድ ነገር አልረሳም። ያ ሽቦ ከዚህ በፊት ተፈትሾ ነበር። ሚተሩ ፒፕ እስኪል ድረስ ብቻ፣ ማለትም አለመበጠሱ ብቻ ነው የታየው። ጋሼ እንዳሉን፣ ከብዙ ክሮቹ አንድ ብቻ የቀረው ሽቦም ፒፕ ይላል። ጉዱ የሚወጣው ከረንት ሲያልፍበት ነው። እሳቸው ለዚህ ነው ሥራ ላይ እያለ የሚለኩት።

ስዊቹንና ብሬከሩን ለአውሮፕላኑ በተፈቀደው ዕቃ ቀየሩ። ደግመው ሲለኩ ከ0.1 በታች ሆነ። እዚያ ላይም አላቆሙም። ሞተሩን ከአውሮፕላኑ አካል ጋር የሚያገናኘውን ሽቦ ሳንጠይቃቸው አዩልን። እሱ ቢበጠስ የስታርተሩ ከረንት በጋዝና በሚክስቸር (የነዳጅና የአየር ቅልቅል) መቆጣጠሪያ ገመዶች በኩል መንገድ ፈልጎ ገመዶቹን ሊያቃጥል ይችላል። ደግነቱ ደህና ነበር።

እኔ ልቤ ለመብረር ቸኩሏል። እሳቸው ግን መሬት ላይ ሞተሩን አስነስተን፣ መብራቱንም ሬዲዮውንም ሁሉ ከፍተን 20 ደቂቃ ሳናይ አልፈርምም አሉ። ከዚያ የለኩትን ቁጥር ሁሉ፣ የበፊቱንም የኋላውንም፣ መዝገቡ ላይ ጻፉት። ቀጥሎ የሚመጣ ባለሙያ ከዜሮ እንዳይጀምር ነው። የድሮው አልተርኔተርም ፈትሸውት ደህና ሆኖ ተገኘ። እንደማይሠራ ተነግሮን ያወጣነው ዕቃ ነው!

ከዚያ ወዲህ 40 ሰዓት ያህል በርራለች። ማረፊያ መብራቱን ሳበራ አሁንም ዓይኔ መርፌው ላይ ነው። ንቅንቅ አይልም።

ጋሼ፣ እጅዎ ይባረክ። ዕድሜና ጤና ይስጥልን። ደግሞ አያውቁም ብለው ሳይንቁን ስላስተማሩን ከልብ እናመሰግናለን።

ስልካቸውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ፈቅደውልኛል። ከመደወላችሁ በፊት ግን ችግሩ መቼ እንደሚመጣ፣ ምን ስታበሩ እንደሚብስ፣ መለኪያው ያኔ ስንት እንደሚያሳይ መዝግባችሁ ያዙ። መጀመሪያ የሚጠይቋችሁ እሱን ነው።