ባለ 4 ቻናል ሪሲቨር በድሮ አላርም ላይ፦ ለፓኒክ ቁልፍ አሪፍ፣ ለበር ግን ረጋ በሉ

ቀድሜ ልንገራችሁ፣ እቃው ለዋጋው ጥሩ ነው፣ ግን መርካቶ ያሉ ሻጮች እንደሚያወሩለት "ይሄን ካስገባሽ ቤትሽ በቃ ሙሉ ዋየርለስ ሆነ" የሚባል ነገር አይደለም። የማወራው ስለ ባለ 4 ቻናል የ433 ሜጋኸርዝ ሪሲቨር ነው፣ አንዲት አነስተኛ ቦርድ ላይ አራት ሰማያዊ ሪሌይ (በኤሌክትሪክ የሚሰራ ማብሪያ ማጥፊያ በሉት) የተደረደረባት፣ በ12 ቮልት የምትሰራ፣ ስም የለሽ የቻይና እቃ። ስራዋ ቀላል ነው፣ ሪሞት ሲጫን ወይ የበር ሴንሰር ሲከፈት ምልክቱን ከአየር ላይ ትቀበልና ሪሌይ ትስባለች፣ ያንን ሪሌይ ደሞ በኬብል የሚሰራው የድሮ ፓነል፣ ማለትም የቤቱ አላርም ዋና ሳጥን፣ እንደ አንድ ተራ ሴንሰር ያየዋል። ስለዚህ ፓነል ሳትቀይሩ ዋየርለስ ነገር ትጨምራላችሁ ማለት ነው።

እኔ የፈለግኩት ለሁለት ነገር ነበር። አንደኛው ከኋላ ያለው ሰርቪስ ቤት፣ እዛ እቃ ቤት አለ፣ ኬብል ላድርስ ካልኩ ደሞ የግቢውን ንጣፍ ማስቆፈር ሊኖርብኝ ነው፣ ንጣፉ ከነሲሚንቶው ስንት እንደወጣበት የሚያውቅ ያውቀዋል። ሁለተኛው ዘበኛችን ናቸው፣ ሌሊት የሆነ ነገር ቢመጣ እስከ ቤት ድረስ እየሮጡ ከሚያንኳኩ አንድ ቁልፍ ተጭነው ሳይረኑን ቢያስጮሁ ብዬ ነው፣ ፓኒክ ቁልፍ የምለው እሱን ነው።

ግዢው ላይ መጀመሪያ የሚታየው ፍሪኩዌንሲ ነው። ሪሲቨሩ 433 ሆኖ ሴንሰሩ 315 ከሆነ እስከ ነገ ብትሞክሩ አይግባቡም፣ 315 በብዛት ለአሜሪካ ገበያ የሚሰራ ነው ግን ተቀላቅሎ ሱቅ ውስጥ ይገኛል፣ መልካቸው ደሞ አንድ አይነት ነው። ሻጩን ሪሞቱን ክፈትልኝ በሉት፣ ውስጡ ክብ ወይ አራት ማእዘን የሆነች ትንሽ ብረት አለች፣ ላይዋ ላይ "አር433" ወይም "አር315" ተብሎ ተጽፏል፣ ጨረሰ። ከዛ ቀጥሎ የሪሲቨሩ አይነት ነው፣ ርካሾቹ ሱፐርሪጀነሬቲቭ የሚባሉት ናቸው፣ ሻል ያሉት ሱፐርሄትሮዳይን። ሱፐርሄቱ ፍሪኩዌንሲው ስለማይንሸራተት እና ጎን ያለውን ጫጫታ ስለሚያጣራ ለአላርም ከሱ በታች ባትገዙ ይሻላል፣ የዋጋ ልዩነቱ ለክርክር አይበቃም። ሌላ ደሞ ሴንሰርና ሪሞትን ለየቻናሉ ለብቻ መማር (ኮዳቸውን መመዝገብ) ይችል እንደሆነ ጠይቁ፣ አንዳንዱ ቦርድ የሪሞቱን አራት ቁልፍ ለአራቱ ቻናል ብቻ ነው የሚያውቀው፣ ሴንሰር ስታመጡለት ግራ ይገባዋል። መመሪያው አንዲት ብጣሽ ወረቀት ናት፣ እንግሊዝኛው ራሱ አስተርጓሚ ይፈልጋል።

አሁን ወደ ገጠማው። ዋናው ጉዳይ አንቴና ነው፣ ሌላው ሁሉ ተራ የኬብል ስራ ነው። የአላርም ፓነል አብዛኛውን ጊዜ የላሜራ ሳጥን ውስጥ ነው ያለው፣ ቴክኒሻኖችም ቦርዷን እዛው ከባትሪው አጠገብ በናስትሮ ጠቅልለው ሳጥኑን ዘግተው ይሄዳሉ። ላሜራ ደሞ ሬዲዮ አያሳልፍም። ሳጥኑ ክፍት ሆኖ ስትሞክሩት ከበሩ ድረስ ይሰራል፣ ክዳኑ ሲዘጋ ሳሎን ውስጥ እንኳን እያረፈ ነው የሚሰራው፣ ከዛ "እቃው ፎርጅድ ነው" ይባላል። የኛ ቤት የመጣው ልጅ ግን ጎበዝ ነበር። ሪሲቨሯን ለብቻዋ የፕላስቲክ ሳጥን ውስጥ አድርጎ ከፓነሉ ራቅ አርጎ ከኮርኒስ በታች ሰቀላት፣ አንቴናዋን ደሞ በሜትር ለክቶ 17.3 ሳንቲ ሜትር ላይ ቆረጣት። ለምን ይሄ ቁጥር ስለው "እህቴ፣ የ433 ሞገዱ ርዝመት 69 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው፣ ሩቡ ይሄ ነው" አለኝ፣ በካልኩሌተር አየሁት ልክ ነው። ሽቦዋ ቀጥ ብላ ነው የቆመችው፣ ቦታ ለመቆጠብ ተጠምዝዛ ሳጥን ውስጥ የምትከተት አይደለችም። እሷን ብቻ በማስተካከል ከግቢው በር እስከ እቃ ቤት ያለው ሁሉ ተሸፈነ። መሀል ላይ ያለው ግድግዳ ብሎኬት ነው፣ እሱ ብዙም አያስቸግርም፣ አርማታና ቆርቆሮ ናቸው ምልክት የሚበሉት። ቤታችሁ ዙሪያው ቆርቆሮ ከሆነ ቦርዷን በመስኮት በኩል አስደርጉ።

እቃ ቤቱ በር ብረት ነው፣ እሱም የራሱ ጣጣ አለው። ሴንሰሩን በቀጥታ ብረት ላይ ከለጠፋችሁት ማግኔቱም ይደክማል፣ አንቴናውም ብረቱ ላይ ተኝቶ ምልክቱ ይቀንሳል። ልጁ ከስር ቁራጭ ጣውላ አድርጎ ነው ያሰረው፣ ቆንጆ ባይሆንም ይሰራል።

ከፓነሉ ጋር ያለው ግንኙነት እንዲህ ነው፣ ፕላስና ማይነስ ከፓነሉ የ12 ቮልት መውጫ ይሳባል፣ ይሄ ጥሩ ነው ምክንያቱም መብራት ሲሄድ ሪሲቨሩም አብሮ ከፓነሉ ባትሪ ይኖራል፣ ለብቻው አዳፕተር የሰጣችሁት እንደሆነ ግን መብራት በሄደ ቁጥር ደንቆሮ ነው የሚሆነው። ሪሌዩ ሲሳብ 30 ሚሊ አምፒር አካባቢ ነው የሚበላው፣ ለ7 አምፒር ሰአት ባትሪ ምንም አይደለም። ከዛ የሪሌዩ ኮመን (የጋራ) እና ኖርማሊ ክሎዝድ (ሪሌዩ ሳይሳብ ዝግ የሆነው) እግሮች ከዞኑ መጨረሻ ሬዚስተር ጋር በሲሪየስ፣ ማለትም ተከታትለው፣ ዞኑ (ፓነሉ ላይ ሴንሰር የሚገባበት መስመር) ላይ ይገባሉ። ሬዚስተሩ የፓነሉ የራሱ መሆን አለበት፣ ፓነሉ ዲኤስሲ ከሆነ 5.6 ኪሎ ኦም ነው፣ ፓራዶክስ ከሆነ 1 ኪሎ ኦም፣ ከሌላ ቤት የተረፈ መግጠም አይሆንም። ቦርዷ ሞሜንተሪ ሞድ ላይ ትሁን፣ ማለትም ምልክት ሲመጣ ትስብና ትለቃለች። ቶግል ላይ (በአንዱ ምልክት ስባ በሚቀጥለው የምትለቅበት) ከተረሳች አንዴ ታስጮህና ዞኑ ክፍት ሆኖ ይቀራል፣ ማታ ፓነሉ አልበራም ይላል። የፓኒኩ ዞን ደሞ 24 ሰአት ተብሎ ፕሮግራም ይደረግ፣ አለዚያ አላርሙ ባልበራበት ሰአት ቁልፉ ቢጫን ዝም ነው።

እስካሁን ያመሰገንኩት ይበቃል፣ አሁን ችግሩን። እነዚህ ርካሽ ሴንሰሮች መናገር እንጂ መስማት አይችሉም፣ የሚናገሩትም በሩ ሲከፈት ብቻ ነው። እቃ ቤቱ በር ተከፍቶ ቢያድር ፓነሉ አያውቅም፣ ዞኑ ዝግ ነው ብሎ ደስ ብሎት ይበራል፣ በኬብል ቢሆን ኖሮ ግን በሩ ክፍት ነው ብሎ ይከለክላችሁ ነበር። ሲዘጋም ምልክት የሚልክ ሴንሰር አለ፣ ግን እሱን ይሄ ቦርድ በአግባቡ አይጠቀምበትም። ባትሪው ሲያልቅም እንደዛው፣ ሴንሰሯ ላይ ያለች መብራት ትደክማለች እንጂ ፓነሉ ጋ የሚደርስ ወሬ የለም። ይባስ ብሎ ሪሲቨሩ ራሱ ቢሞት ኖርማሊ ክሎዝዱ እንደተዘጋ ስለሚቀር ፓነሉ ሁሉም ሰላም ነው ይላል። የፓነል ካምፓኒዎች የራሳቸው ዋየርለስ ሴንሰር በየተወሰነ ጊዜ "አለሁ" እያለ ሪፖርት ያደርጋል፣ የዋጋው ልዩነት የመጣው ከዚህ ነው፣ በከንቱ አይደለም። ስለዚህ ለዋናው በርና ለመስኮት ኬብላችሁን አትንቀሉ፣ እኔም አልነቀልኩም።

ሌላው ኮድ ነው፣ ሪሞቱ ወይ ሴንሰሩ ማንነቱን ለሪሲቨሩ የሚናገርበት ቁጥር ማለት ነው። ሪሞትና ሴንሰር ውስጥ ያለው ኢቪ1527 የሚባለው ቺፕ ከፋብሪካ የራሱ ቁጥር ይዞ ይመጣል፣ ወደ አንድ ሚሊዮን የሚሆን የተለያየ ቁጥር አለው፣ ጎረቤት ሪሞት ሲጫን የኔ ይጮሃል ብላችሁ አትስጉ። የድሮው ፒቲ2262 ግን በሽቦ የሚዋቀር ነው፣ ያለው ቁጥር ትንሽ ነው፣ ብዙው ሰው ደሞ ፋብሪካ እንዳመጣው ነው የሚተወው። ሁለቱም ግን ኮዳቸው አይለዋወጥም፣ ያ የግቢ በር ሪሞት ኮፒ የሚያደርግላችሁ ልጅ በደቂቃ ይቀዳዋል። በዚህ ሪሞት አላርም ማጥፋት የሚባለውን እርሱት! ቴክኒሻኑ "ለእርስዎ እንዲመች በሪሞት ማብራት ማጥፋት እናድርገው" ካላችሁ እንቢ በሉ፣ ወይ ኮዱ በተጫነ ቁጥር የሚቀያየር ሮሊንግ ኮድ እቃ ይምጣ። ለፓኒክ ግን ተቀዳ አልተቀዳ ምን ያመጣል፣ የቀዳው ሌባ ራሱ ላይ ነው የሚያስጮህበት።

ዘበኛችን መጀመሪያ ላይ አልወደዱትም። "እትዬ፣ ይቺ ነገር ኪሴ ውስጥ ራሷን ብትጫንስ፣ ሰፈሩን በሌሊት ላስነሳው ነው?" አሉኝ፣ እውነታቸውን ነው። ክዳን ያለው ሪሞት ገዝቼላቸዋለሁ፣ ወደታች ሸርተት ሲል ነው ቁልፉ የሚታየው፣ አሁን ከእጅ ባትሪያቸው ጋር አንድ ላይ ነው አንገታቸው ላይ የሚያንጠለጥሉት። ተረኛቸው ሲመጣም ያስረክቡታል። "አባባ፣ በየሳምንቱ ቅዳሜ ቀን ላይ አንዴ ይጫኑት" ብያቸዋለሁ፣ ጎረቤት ለምዶታል፣ ባትሪ ማለቁን የምናውቀው በሱ ነው። የእቃ ቤቱንም ሴንሰር በዛው ነው የምንሞክረው።

ስለ ባትሪ ካነሳን፣ ሪሞቱ 23ኤ ነው የሚወስደው፣ የመኪና አላርም ሪሞት ውስጥ ያለችው ማለት ነው፣ ብዙ ሴንሰር ደሞ ቀጭኗን 27ኤ። ሁለቱም 12 ቮልት ናቸው፣ ቁመታቸውም እኩል ሊባል ይችላል፣ ግን 23ኤ በግድ ካልገባሁ ብሎ የሴንሰሩን የባትሪ መያዣ ቆርቆሮ ያጣምመዋል፣ አሮጌውን ይዛችሁ ሄዳችሁ አስመስላችሁ ግዙ።

ከአራቱ ቻናል ሁለቱ ናቸው የተያዙት። ሶስተኛውን እናቴ ክፍል አልጋዋ አጠገብ ለሚሆን ቁልፍ ነው የማስበው፣ ግን ሳይረኑን ሳይሆን ሳሎን ያለ ትንሽ ደወል ነው የሚነካው፣ ሪሌይ ስለሆነ ይቻላል፣ ልጁም እመለሳለሁ ብሏል። አራተኛው ባዶ ነው።