በቶርኖ ፋንታ በግራይንደር የተቆረጠ የዘንግ ቦይ፤ ተጠንቀቁ

በጎንደርና በአካባቢው ወፍጮ ያላችሁ፣ የማሽን ዕቃም የምታስቀርጹ ወገኖቼ፣ ይህን የምጽፈው ብረትን እያዞሩ በቢላ ከሚቀርጹት ከከተማችን ቶርኖ ቤቶች በአንዱ የተበላሸብኝን ዘንግ ከፊቴ አስቀምጬ ነው። ቀብድ ተቀብሎ «ነገ ና» የሚለውን፣ ሥራውን ለልጆች ጥሎ የሚቀመጠውን ባለቤት ሁላችሁም ስለምታውቁት በእሱ ላይ ቃል አላበዛም።

ያዘዝሁት አዘዞ ላለው ወፍጮዬ በ30 ሚሊ ሜትር ዘንግ ላይ፣ ዘንጉ የሚዞርበት ኩሽኔታ (ቤሪንግ) ወደ ጎን እንዳይንሸራተት የሚያግደው ማቆሚያ ቀለበት፣ ማለትም ሲገር፣ የሚገባበትን ቦይ ነበር። የቀለበቱ ውፍረት 1.5 ሚሊ ሜትር ስለሆነ የቦዩ ስፋት 1.6፣ ከቦዩ በታች የሚቀረው የዘንጉ ዲያሜትር ደግሞ 28.6 ሚሊ ሜትር መሆን እንዳለበት በወረቀት ጽፌ ሰጥቻለሁ፤ ባለቤቱም አንብቦ «በቶርኖ፣ በቢላ ይወጣል» ብሎ ዋጋውን የቆረጠው በዚያው ልክ ነው።

ከቀጠሮው ቀደም ብዬ ስደርስ ዘንጉ የቶርኖው መንጋጋ፣ ቻኩ፣ ላይ ታስሮ ቀስ እያለ ይዞራል፤ የቢላ መያዣው ግን ባዶ ነበር። አንድ ልጅ ክርኑን ከማሽኑ ጠርዝ አስደግፎ፣ ግራይንደር በሁለት እጁ ይዞ፣ ዲስኩን በሚዞረው ዘንግ ላይ ይጫነዋል፤ ብልጭታውና የዲስኩ ብናኝ የማሽኑ መንሸራተቻ ላይ ይረግፋል፤ እጁ በተንቀጠቀጠ ቁጥርም ዲስኩ ወዲያና ወዲህ እየሄደ የቦዩን ጠርዝ ይበላዋል። «አቁም!» ብዬ ስጮኽ ባለቤቱ ከተቀመጠበት ቀና እንኳ ሳይል «ሲገሩ ከገባልህ ምን ጎደለህ? አንተ ወፍጮህን ጠብቅ፣ ቶርኖውን ለእኛ ተው» አለኝ። በካሊፐር ስለካው ስፋቱ በአንድ ወገን ከ3 ሚሊ ሜትር አልፏል፤ ቀለበቱም ገብቶ በጣት ሲነካ ይወዛወዛል። «ጋሼ፣ የብረቱን ዋጋ እንኳ ይመልሱልኝ» ስለው ልጆቹ ሳቁ፤ ባለቤቱም ቀብዱን መመለስ ይቅርና ቀሪው ካልተከፈለ ዘንጉ ከበር አይወጣም አለ። ከፍዬ ወጣሁ።

ቦይ በቶርኖ ሲወጣ ጫፉ ጠፍጣፋ የሆነ፣ ከቦዩ ስፋት ያልበለጠ ጠባብ ቢላ ተስሎ፣ በዘንጉ መሐል ከፍታ ልክና ከዘንጉ ጋር በ90 ዲግሪ ማዕዘን ይታሰራል፤ ከመያዣው ብዙ የወጣ ቢላ ስለሚንቀጠቀጥ አጭር ሆኖ ይያዛል፤ ፍጥነቱ ዘንጉ ከሚቀረጽበት ዝቅ ተደርጎ፣ ዘይት እየተንጠባጠበ፣ በዝግታ ይገባል። ይህ ሁሉ የሚደረገው የቦዩ ግድግዳ ቀጥ ብሎ እንዲቆም ነው፤ የኩሽኔታውን ግፊት የሚሸከመው እሱ ነውና፣ ያዘነበለ ግድግዳ ቀለበቱን ወደ ውጭ ይገፋዋል፤ ከልክ በላይ የጠለቀ ቦይ ደግሞ ዘንጉን ከዚያው ላይ ያሰብረዋል። ያ ዘንግ በሚዞርበት አጠገብ እህላቸውን የያዙ እናቶች ተሰልፈው ይቆማሉ፤ ከገንዘቡ በላይ ያንገበገበኝ ይህ ነው።

ቢላው ሲታሰር ቆማችሁ እዩ፤ ቀለበቱንም ይዛችሁ ሂዱና ቀሪውን ከመክፈላችሁ በፊት እዚያው አስገብታችሁ ለኩ።