የአዳማ መንገድ ዳር ፖቶስ፦ ተክሉ ይገዛል፣ ዕቃው ይቅር

አዳማ ውስጥ መንገድ ዳር የሚሸጠው ፖቶስ፣ አንዳንዱ «መኒ ፕላንት» የሚለው ዝንጉርጉር ሐረግ፣ በተክልነቱ እንከን አይወጣለትም። ጥላ ይችላል፣ ውኃ ቢረሳ ይታገሣል፣ የከተማዋም ሙቀት ይስማማዋል። ችግሩ የሚሸጥበት ዕቃ ነው።

ባለቀለሙ ሴራሚክ ዓይን ይስባል፤ ከሥሩ ሲታይ ግን ብዙ ጊዜ ቀዳዳ የለውም። «ከታች ጠጠር አለበት» የሚለው መልስ አያሳምንም። ጠጠር ቀዳዳን አይተካም፤ መውጫ ያጣው ውኃ እዚያው ይተኛል፣ ሥሩ አየር አጥቶ ይበሰብሳል። የታች ቅጠሎች ቢጫ ሲሆኑ «ጠማው» ተብሎ ይጨመርለታል፣ በዚያው ያልቃል። ከሥሩ ቀዳዳ ባለው ጥቁር ፕላስቲክ ያለውን ይምረጡ፤ ያነሰ ያምራል እንጂ የተሻለው እሱ ነው።

ሲገዙ የሐረጉ ርዝመት አያታልልዎት። ከአፈሩ የሚወጡትን ግንዶች ይቁጠሩ፤ ከ4 እስከ 6 ካሉ ዕቃው ይሞላል፣ አንድ ብቻ ከሆነ አናቱ ራሰ በራ ሆኖ ይቀራል። የቅጠሉን ብብትም ይመልከቱ፤ ጥጥ የመሰለ ነጭ ነገር ካለ ተባይ ነውና ይተዉት። ሥሩ ነጭና ጠንካራ ይሁን፤ ቡናማ፣ ልፍስፍስና የሚሸት ከሆነ አይወሰድም።

አብሮት የሚመጣው ጥቁር አፈር ብቻውን ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ሲርስ ጭቃ ይሆናል። እዚህ አዳማ መፍትሔው ርካሽ ነው፦ ለብሎኬት የሚውለው ሬድ አሽ፣ ቀዩ የእሳተ ገሞራ ጠጠር። ሽምብራ የሚያህለውን በወንፊት ለይተው አቧራውን ይጠቡ፤ 2 እጅ አፈር፣ 1 እጅ በደንብ የበሰበሰ ፍግ፣ 2 እጅ ሬድ አሽ ይቀላቅሉ። ፍጉ ትኩስ ከሆነ ሥር ያቃጥላል። አዲሱ ዕቃ ከቀድሞው በ3 ሴንቲ ሜትር ቢሰፋ በቂ ነው።

ውኃ በቀን ቆጠራ አይጠጣም። ጣትዎን 4 ሴንቲ ሜትር ያህል ያስገቡ፤ ከደረቀ ብቻ በቀዳዳው እስኪወጣ ያጠጡ፣ ከሥር የተጠራቀመውን ይድፉ። በበጋ ደረቁ ነፋስ (ለኤሌክትሪክ ማመንጫ የተመረጠው ነፋስ ነውና ቀላል አይደለም) የቅጠሉን ጫፍ ያደርቃል፤ ከክፍት መስኮት አርቀው ይስቀሉት። ችግኙ ጥላ ስር ያደገ ስለሆነ የቀትር ፀሐይ በቀጥታ ሲያገኘው ቅጠሉ ላይ ቡናማ ጠባሳ ይወጣል። ጨለማ ክፍል ውስጥ ደግሞ ቢጫ ዝንጉርጉሩ እየጠፋ አረንጓዴ ብቻ ይሆናል። ቅጠሉ ሲታኘክ አፍ ያቃጥላልና ሕፃንና ድመት ከማይደርሱበት ይሰቀል።

ባለ አንድ ግንዱን የገዛ ሰው ግን አልከሰረም። ሐረጉን ከአንጓው 1 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ ቆርጦ፣ አንጓውን ውኃ ውስጥ፣ ቅጠሉን ከውኃው በላይ አድርጎ ያቆየው። ከ2 እስከ 3 ሳምንት ሥር ያወጣል፤ ሥሩ 4 ሴንቲ ሜትር ሲደርስ ከዋናው ግንድ ጋር በአንድ ዕቃ ይተከላል። አንጓ የሌለው ቅጠል ብቻውን ሥር ቢያወጣ እንኳ ሐረግ አይሆንም።