ለጉልበተኛ አምፕ የቱ ስፒከር ይሻላል? ሦስቱን ጎን ለጎን

ባለፈው ወር የጎረቤቴ ልጅ በሬን አንኳኳ። እህቱ ከአሜሪካ ስትመጣ የቤት ሲኒማ አምፕሊፋየር ይዛለት መጥታለች። ከባጃጅ ያወረዱት ለሁለት ነው። «ጋሼ፣ ይሄ አውሬ ስፒከሮቼን አይበጣጥስብኝም?» አለኝ።

ሄጄ መጀመሪያ ያየሁት ጀርባውን ነው። 120 ቮልት፣ 60 ኸርዝ ይላል። የአዳማ መብራት 220 ነው። ልጁ ደግሞ ስፒናውን ይዞ ቆሟል። ትንሽ ዘግይቼ ቢሆን ስለ ስፒከር የምናወራው ነገር አይኖርም ነበር። መብራቱን ወደ 110-120 የሚያወርድ ትራንስፎርመር እስኪገዛ ጠበቅን። እናንተም ከአሜሪካ ዕቃ ከመጣላችሁ ይህን አትርሱ። የትራንስፎርመሩ ዋት አምፑ ጀርባ ላይ ከተጻፈው ፍጆታ በደንብ ከፍ ይበል።

ወደ ልጁ ጥያቄ ልመለስ። ሰው የሚፈራው ዋቱን ነው። ስፒከሩ 100፣ አምፑ 150 ካለ «ይፈነዳል» ይባላል። አምፕ ግን ድምፁን የከፈታችሁለትን ያህል ብቻ ነው የሚሰጠው። ሳሎን ውስጥ ፊልም ስታዩ አብዛኛውን ሰዓት የሚሠራው ጥቂት ዋት ነው። እንዲያውም ብዙ ስፒከር የሚቃጠለው ደካማ አምፕ እስከ ጥግ ተከፍቶ ድምፁ ሲሰባበር ነው። መጀመሪያ የምትሄደው ቲዊተሯ ናት፤ ቀጭኑን ድምፅ የምታወጣው ትንሿ። በጉልበተኛ አምፕም ቢሆን ድምፁ መንቀጥቀጥ ሲጀምር መቀነስ ነው፤ ሌላ ምስጢር የለውም።

በነገራችን ላይ የአምፕ ዋትም እንደ አለካኩ ይለያያል። የያማሃን አርኤክስ-ቪ385 ውሰዱ። አንድ ቻናል፣ ማለትም የአንድ ስፒከር መውጫ ብቻ ሲሠራ 100 ዋት ይላል። ሁለት ቻናል አብሮ፣ ከወፍራሙ ድምፅ እስከ ቀጭኑ (ከ20 ኸርዝ እስከ 20 ኪሎኸርዝ) ሲለካ ደግሞ 70። ዕቃው ያው አንድ ዕቃ ነው።

ስፒከር ስትመርጡ የሚታዩት ሁለት ሌሎች ቁጥሮች ናቸው። ኦም ስፒከሩ ለአምፑ ምን ያህል ሸክም እንደሆነ ይናገራል፤ ቁጥሩ ሲያንስ ሸክሙ ይከብዳል። ዴሲቤሉ ደግሞ በ1 ዋት፣ በ1 ሜትር ርቀት ምን ያህል እንደሚጮኽ ይናገራል።

ልጁ ሦስት ምርጫ ነበረው። አንደኛው ቤቱ ያለው ነው፤ ከድሮ ባለዲቪዲ ሆም ቴአትር የተረፉ አምስት ትንንሽ ስፒከሮች። አገላብጠን አየናቸው፣ 3 ኦም። አምፑ ላይ ግን የገመዱ ማሰሪያ አጠገብ «ከ6 ኦም በታች አይታሰር» የሚል ተጽፏል። ይህችን ስህተት እኔ ራሴ ከዓመታት በፊት ሠርቻታለሁ። ፊልሙ ወሬ ወሬውን ሲያወራ ደህና ነበር። ሄሊኮፕተሩ ሲመጣ አምፑ ቀጭ ብሎ ጠፋ። ራሱን መከላከሉ ነው። እኔ ደግሞ ግትር ነኝ፣ መልሼ አስነሣሁት። ሦስተኛው ላይ የተቃጠለ ሽታ ሳሎኑን ሞላው። ስፒከሮቹ ዛሬም ይሠራሉ፤ አምፑ ግን አልተመለሰም።

ጽሑፉ ከጠፋ በቴስተር ይታወቃል። ገመዱን ከአምፑ ነቅላችሁ የስፒከሩን ሁለት ጫፍ ለኩ። 8 ኦም የሚባለው ከ5.5 እስከ 7 አካባቢ ያነባል፤ 4 ኦሙ ከ3 እስከ 4። 2.5 ካያችሁ ተዉት።

የቀሩት ሁለቱ አዲስ የሚገዙ ናቸው፤ ክሊፕሽ አርፒ-600ኤም እና ኬኢኤፍ ኪው150። ሁለቱም መደርደሪያ ላይ የሚቀመጡ ናቸው። የክሊፕሹ ቲዊተር በጥሩምባ አፍ ውስጥ የተቀመጠ ነው፤ ወረቀቱ 96 ዴሲቤል ይላል። የኬኢኤፉ 86 ነው። አሥር ዴሲቤል ትንሽ ትመስላለች። ነገር ግን በወረቀቱ ከሄድን ክሊፕሹ በ10 ዋት የሚጮኸውን ያህል ለመጮኽ ኬኢኤፉ 100 ዋት ይፈልጋል። ፖል ክሊፕሽ ድርጅቱን ሲያቋቁም 1946 ነበር፤ የዚያን ጊዜ የቤት አምፕ ጥቂት ዋት ብቻ ስለነበረው ጥሩምባው የግድ ነበር።

የእኛ ልጅ ግን ዋት ተርፎታል። እዚህ ላይ ነው ምርጫው የሚገለበጠው። አምፑ ደካማ ቢሆን ወይም ሳሎኑ ሰፊ ቢሆን ክሊፕሹን ያለ ጥርጥር እለው ነበር። የእነሱ ሳሎን አራት በአራት ነው፤ ወለሉ ሴራሚክ፣ ግድግዳው ባዶ። እንዲህ ያለ ክፍል ውስጥ የጥሩምባ ቲዊተር የእኔን ጆሮ ይወጋኛል። ኬኢኤፉ ለስለስ ይላል። ቲዊተሩ ወፍራሙን ድምፅ በሚያወጣው ዉፈር መሃል ላይ ስለተቀመጠ ሶፋው ዳር የተቀመጠም ሰው ሳይጎድልበት ይሰማል።

አንድ ነገር አለው። 8 ኦም ይባል እንጂ በአንዳንድ የድምፅ ቅጥነት ወይም ውፍረት (ኸርዝ) ላይ እስከ 3.7 ይወርዳል። ከ3 ኦሞቹ ጋር አንድ አይደለም፤ እነሱ በጠቅላላው ዝቅ ያሉ ናቸው፣ ይሄ አልፎ አልፎ ነው የሚወርደው። ደካማ አምፕ እዚህ ላይ ያቃስታል። ጉልበተኛው ግን የተሠራው ለዚሁ ነው።

ሞንታርቦ የሚያስቡም አሉ፤ ፖስታ ቤት አካባቢ «በርካሽ ልስጥህ» ብለውት ነበር። ለሠርግ ድንኳን ጥሩ ነው። ፊልም ላይ ግን ሹክሹክታው ሁሉ አዋጅ ይሆንባችኋል።

ብሩ ካነሰ ከኋላ ስፒከሮች ቀንሱ፣ ከመሃለኛው ግን አትቀንሱ። የፊልም ንግግር አብዛኛው የሚወጣው ከእሱ ነው። ከግራና ቀኙ ጋር የአንድ ፋብሪካ፣ የአንድ ቤተሰብ ዕቃ ካልሆነ መኪናው ከግራ ወደ ቀኝ ሲያልፍ መሃል ላይ ሞተር የቀየረ ይመስላል። ከ80 ኸርዝ በታች ያለውን ወፍራም ድምፅ ለቤዙ ስፒከር፣ ለሰብዉፈሩ ልቀቁለት። ሰብዉፈሩን ጥግ ውስጥ አትወትፉት፤ ኮርኒሱ ሲንቀጠቀጥ ከፊልሙ ይልቅ እሱን ትሰማላችሁ።

ልጁ ኬኢኤፉን ወሰደ። ሦስቱን የፊት ስፒከሮችና ሰብዉፈሩን አሰርን፤ የኋላዎቹ ብር ሲገኝ ይገዛሉ። በሳምንቱ ስሄድ አምፑ ቡፌው ውስጥ ገብቷል፤ መተንፈሻው ላይ ዳንቴል ተነጥፎበታል፣ በላዩ የፕላስቲክ አበባ። በአዳማ ሙቀት! በእጄ ብነካው ይፋጃል።

«እትዬ፣ ይሄ ዳንቴል መነሣት አለበት» አልኳቸው እናቱን።

«እንዴ፣ አቧራው ይግባበት?»

ብዙ ተከራከርን። በመጨረሻ አምፑ ከቡፌው ወጥቶ ጠረጴዛ ላይ ተቀመጠ፤ ዳንቴሉም ከሥሩ ተነጠፈ። አበባዋን ሰብዉፈሩ ላይ አደረጓት። ፊልም ሲከፈት ትወዛወዛለች።