በማናውስ ለአንድ ቅጠል ብዬ የከፈልኩት ታክሲ

ማናውስ በብራዚል አማዞን ያለች ከተማ ናት። ወደ አንድ የምርምር ተቋም ጫካ ልሄድ ነው ስለው የሆቴሉ ልጅ "እዚያ ምን ልታዪ ነው? ጦጣ ብቻ ነው ያለው" አለኝ። ሊሸጥልኝ የፈለገው የወንዝ ጉዞ ነበር። ጥቁሩና ቡናማው ውሃ ሳይቀላቀሉ ጎን ለጎን የሚፈስሱበትን ቦታ። በማግስቱ እሱንም አየሁት፤ ያምራል። ግን ከማናውስ ተመልሼ እስካሁን የማወራው ስለ ቅጠል ነው።

ቦታው ቦስኪ ዳ ሲዬንሲያ ይባላል፤ "የሳይንስ ጫካ" እንደማለት። ኢንፓ የሚባለው የብራዚል ብሔራዊ የአማዞን ምርምር ተቋም ግቢ ውስጥ ነው። ለሕዝብ የተከፈተው በ1995 ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው)። ከተማ ውስጥ 13 ሄክታር ገደማ ጫካ ማለት ነው። ጥላ አለው፣ ግን ሙቀቱ አይጣል ነው። በአሥር ደቂቃ ውስጥ ሸሚዜ ጀርባዬ ላይ ተለጠፈ።

ቅጠሉ ያለው ካዛ ዳ ሲዬንሲያ በሚሉት ቤት ውስጥ ነው። ከሩቅ ሳየው ቁርበት መስሎኝ ነበር። ቡናማ፣ የደረቀ፣ ፍሬም ውስጥ የተወጠረ። ቀረብ ስል ከመሃሉ ወደ ጎን የሚወጡትን ጅማቶች አየሁ። ጽሑፉን በስልኬ ላስተረጉም ብል "ግዙፍ ወረቀት" አለኝ። ለካ በፖርቱጋልኛ ቅጠልም አንድ ሉክ ወረቀትም በአንድ ቃል ነው የሚጠሩት።

የዚህ ዛፍ ቅጠል ርዝመቱ 2.5 ሜትር፣ ስፋቱ 1.44 ሜትር ይደርሳል። በእኛ አልጋ ልንገራችሁ። ሜትር ከሃያውን ይሸፍናል፣ ሜትር ከሃምሳውን ለመሙላት ስድስት ሳንቲም ብቻ ይጎድለዋል። ርዝመቱማ ከፍራሹ አልፎ ወለል ላይ ይወርዳል።

መጠኑ ብቻ ቢሆን ፎቶ አንስቼ እወጣ ነበር። ያስቀመጠኝ ታሪኩ ነው። የኢንፓ ተመራማሪዎች ዛፉን መጀመሪያ ያዩት በ1982፣ በማዴይራ ወንዝ ተፋሰስ ነው። ሳይንሳዊ ስም ያገኘው በ2019። ሠላሳ ሰባት ዓመት! እንዲህ ዓይን የሚሞላ ነገር እንዴት ያን ያህል ዘመን ያለ ስም ይቀራል?

ነገሩ ወዲህ ነው። አዲስ ዝርያ ነው ብሎ ለመመዝገብ ቅጠል ብቻውን አይበቃም። አበባና ፍሬ ያስፈልጋል፤ ከዘመዶቹ የሚለየው በዚያ ነው። እነሱ ደግሞ የሚበቃ አበባና ፍሬ አላገኙም። ሌላም ጣጣ አለ። ተክል ሲሰበሰብ ጋዜጣ መሃል ተጭኖ ይደርቅና ከጋዜጣ ግማሽ ገጽ ብዙም በማይበልጥ ወረቀት ላይ ይለጠፋል። ይሄን የት ትለጥፉታላችሁ?

በ2005 ሮንዶኒያ በሚባለው የብራዚል ግዛት ካለው የጃማሪ ብሔራዊ ደን ዘር አመጡ። ማናውስ፣ ግቢያቸው ውስጥ ተከሉት። ከዚያ ቁጭ ብለው ጠበቁ። በ2018፣ ከ13 ዓመት በኋላ፣ ዛፉ አበበ፣ አፈራም። በዓመቱ ኮኮሎባ ጂጋንቲፎሊያ ተባለ። ለስሙ ብዙ የተጨነቁ አይመስልም፤ "ባለ ግዙፍ ቅጠል" ማለት ነው።

ከመሄዴ በፊት ቁጥሮች አንብቤ ነበር። በ2013 የወጣ ግምት አማዞን ውስጥ 16,000 ያህል የዛፍ ዝርያ አለ ይላል። በ2017 አጥኚዎች ናሙናውን እያረጋገጡ አንድ በአንድ ሲቆጥሩ በቆላው የአማዞን ደን ያገኙት 6,727 የዛፍ ዝርያ ነው። ያኔ "እንዴት እንዲህ ይራራቃል?" ብዬ ነበር። ግድግዳው ፊት ቆሜ ግን 6,727 ራሱ በዛብኝ።

አንድ አስጎብኚ ልጅ የዛፉን ቤተሰብ ስም ነገረኝ፤ ፖሊጎኔሲ። ስልኬ ላይ ፈለግኩት። ከእኛ አገር ተክሎች ማን ወጣ? እምቧጮና መቅመቆ! እናቴ ሾላ ገበያ ቅመም ስትሸጥ ነው ያሳደገችን። መቅመቆን የማውቀው ቅቤ ሲነጠር በምትጨምረው ሥሩ ነው። እምቧጮንማ ልጅ ሆነን አገዳውን እየላጥን፣ ፊታችን በኮምጣጣው እየተጨማደደ ስንበላው ነው ያደግነው። የቤተሰቡ ምልክት ቅጠሉ ከግንዱ በሚወጣበት አንጓ ላይ እንደ ቀለበት የሚጠመጠም ስስ ሽፋን ነው። ልጁ በጣቱ የራሱን አንጓ ከቦ አሳየኝ። ስንት ዓመት እምቧጮ ስልጥ አይቼው አላውቅም።

ሌላውን ባጭሩ። ማናቲ የሚባሉ ውሃ ውስጥ የሚኖሩ ትልልቅ አጥቢ እንስሳት አሉ፤ እነሱ "በሬ ዓሣ" ይሏቸዋል፣ ሰላጣ ሲበሉ በእርግጥም በሬ ናቸው። ኩቺያ የምትባል ጥንቸል የምታህል አይጥ መሰል እንስሳ መንገድ ላይ ትሮጣለች፤ እንደ ድንጋይ የጠጠረውን የብራዚል ለውዝ ቅርፊት በጥርሷ የምትከፍት እሷ ናት። ጦጣውም አለ፤ የሆቴሉ ልጅ አልዋሸም።

ጠዋት ሂዱ። ውሃና የትንኝ ቅባት ያዙ። የተከፈተ መሆኑን ቀድማችሁ አረጋግጡ። ከአምስት ኮከብ አምስት ሰጥቻለሁ፤ ሦስቱ ለቅጠሉ ነው።

ማታ ፎቶውን ለእናቴ ላክሁ፤ የመቅመቆ ዘመድ ነው ብዬ። ወዲያው ደወለች።

"ቅጠሉን አየሁት" አለች። "ሥሩስ? ሥሩን አሳዩሽ?"