የዲኤክሴን ድምፅ ላስተካከለልኝ ልጅ

ለሦስት ወር ያህል ዲኤክስ ኮሮላዬ ውስጥ ሙዚቃ የሚሰማው ለአሥር ደቂቃ ብቻ ነበር። ከገርጂ ተነስቼ መገናኛ ሳልደርስ አምፕሊፋየሩ (ድምፁን የሚያጎላው ሳጥን) ቀይ መብራት ያበራና ጸጥ ይላል። ሲቀዘቅዝ ይነሳል፣ መልሶ ይጠፋል። እጄን ሳሳርፍበት የቡና ምጣድ ነው።

የገጠመልኝን ቤት ስም አልጠራም። ተመልሼ ስነግራቸው "ባትሪው አልቻለም፣ ሁለተኛ ባትሪ ይጨመርበት፣ ካፓሲተርም ይግዙ" አሉኝ። ለዲኤክስ ሁለት ባትሪ! እውነቱን ለመናገር ልገዛ ነበር፤ የእህቴ ልጅ ነው "ቆይ ጋሼ፣ መጀመሪያ አንድ ልጅ ይየው" ብሎ ጎትቶ የወሰደኝ።

ልጁ አንዲት ኮንቴይነር ውስጥ ብቻውን ነው የሚሠራው። መኪናዋን ከመንካቱ በፊት የጠየቀኝ "ካርቶኖቹ አሉ?" ብሎ ነው። እንደ ዕድል ሆኖ ቤት ነበሩ፣ ሄጄ አመጣሁ። ሰብዉፈሩ (ብዙዎቻችን ቤዝ የምንለው) ካርቶን ላይ በትልቁ 1200 ዋት ይላል። "ይቺን ይርሷት ጋሼ፣ ለገዢ ዓይን የተጻፈች ናት" አለና ጎን ላይ በደቃቁ የተጻፈውን አሳየኝ፤ አርኤምኤስ 200 ዋት። ሳያቋርጥ የሚችለው ይሄንን ነው ማለት ነው። አምፕሊፋየሩ ደግሞ ባለ አራት ቻናል (አራት የድምፅ መውጫ) ነው፤ በ4 ኦም በየቻናሉ 50 ዋት፣ በ2 ኦም 75። ኦም ስፒከሩ ኤሌክትሪኩን የሚቋቋምበት ልክ ነው፤ ባነሰ ቁጥር አምፕሊፋየሩ ይበልጥ ይለፋል፣ ይግላል። ሁለት ቻናል ሲጣመር በ4 ኦም 150 ዋት ይሰጣል፤ ከ4 ኦም በታች አጣምሮ ለማሠራት ግን ምንም አልተጻፈም።

ቀጥሎ የቤዙን ገመድ ነቅሎ ቴስተር አደረገበት፤ 1.8 ኦም አነበበ። ፈገግ አለ። ቤዙ ሁለት ኮይል (የሽቦ ጥቅል) አለው፣ እያንዳንዳቸው 4 ኦም ናቸው። የመጀመሪያዎቹ ሰዎች ፓራለል (ጎን ለጎን) አስረው 2 ኦም አድርገውታል፣ ከዚያ በሁለት የተጣመሩ ቻናሎች ላይ ሰክተውታል። ቻናሎቹ ሲጣመሩ እያንዳንዱ የሚያየው የጭነቱን ግማሽ ስለሆነ 2 ኦሙ ለየቻናሉ 1 ኦም ሆነ ማለት ነው። ምስኪኑ አምፕሊፋየር ራሱን እያጠፋ ነበር ሳይቃጠል የቆየው። ባትሪዬ ምንም አላጠፋም።

ይሄኔ እኔ ራሴ ነኝ "ሌላ አምፕሊፋየር ልግዛ?" ያልኩት። ለቤዝ ብቻ የሚሆን ባለ አንድ ቻናል መሸጥ ይችል ነበር፣ መደርደሪያው ላይም ነበረው። "አሁን አይግዙ" አለኝ። ሁለቱን ኮይሎች ሲሪየስ፣ ማለትም ከአንዱ ወጥቶ ወደ ሌላው እንዲገባ አድርጎ አሰራቸው፤ 8 ኦም ሆነ። በዚህ እያንዳንዱ ቻናል 4 ኦም ስለሚያይ ቤዙ 100 ዋት ገደማ ያገኛል፤ ካላረካኝ ከሳምንት በኋላ እንድመለስ ነገረኝ። አልተመለስኩም።

የገረመኝ ግን ሌላው ነው። ሞተር አስነስቶ ባትሪው ላይ ሲለካ 13.9 ቮልት፤ ሙዚቃ ከፍ አድርጎ አምፕሊፋየሩ ላይ ሲለካ 12.1። ቮልቱ መንገድ ላይ የት ጠፋ? ከወንበሩ ኋላ ጎንበስ ብሎ የአምፕሊፋየሩን ኔጌቲቭ ገመድ አሳየኝ፤ ብሎኑን ከነቀለሙ ቦዲው ላይ አጥብቀውት ነው የሄዱት። ቀለም ደግሞ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም። በብርጭቆ ወረቀት ብረቱ እስኪያበራ ፈገፈገውና መልሶ አሰረ፤ 13.6። ወደ ፊት ሲመጣ ደግሞ ከባትሪው በሚነሳው ወፍራም ገመድ ላይ ፊውዝ የሚባል ነገር የለም። ገመዱ የሆነ ቦታ ተልጦ ቦዲ ቢነካ መኪናዬ እሳት ነበረች። ከባትሪው አንድ ስንዝር ራቅ አድርጎ ፊውዝ አስገባ።

መጨረሻ ላይ ጌይኗን፣ ማለትም አምፕሊፋየሩን ከቴፑ ከሚመጣው ሲግናል ጋር የምታጣጥመውን ቁልፍ አስተካከለ። እኔ እስከዛሬ ድምፅ መጨመሪያ ትመስለኝ ነበር፣ እስከ ጥግ አዙሬያት ነበር፤ ለካ ድምፁን የሚያንሻክከው እሱ ኖሯል። የቤዙን ገመድ ነቅሎ፣ ከፍላሽ የ50 ኸርዝ፣ ማለትም በጣም ወፍራም ድምፅ ለቀቀና ቴፑን ሦስት አራተኛ ላይ አቁሞ ቴስተሩ 28 ቮልት እስኪል በካቻቢቴ ቀስ ብሎ አዞራት። ለምን 28? 100 ዋት ሲባዛ በ8 ኦም 800 ነው፣ የሱ ስኩዌር ሩት። የፊት በሮቹን ስፒከሮች (50 ዋት፣ 4 ኦም) በዚያው ስሌት 14 ላይ አቆማቸው። ከ80 ኸርዝ በታች ያለው ለቤዙ፣ ከዚያ በላይ ያለው ለበሮቹ ሄደ።

አሁን የድሮ ትዝታ ስከፍት ቤዝ ጊታሩ እያንዳንዱ ኖታ ለየብቻው ይሰማል። የሰፈር መስኮት የሚያንቀጠቅጥ አይደለም፤ እሱን የሚፈልግ ሌላ አምፕሊፋየር ይግዛ። አዳማ ደርሼ ስመለስም አንዴ አልጠፋም።

ፊውዙንና ገመዱን ጨምሮ 2500 ብር ከፈልኩት። አንድ ነውር አለበት፤ ቀጠሮ ላይ ሰነፍ ነው፣ ሦስት ሰዓት ብሎኝ አምስት ሰዓት ነው ኮንቴይነሩን የከፈተው። ብቻውን ስለሆነ ስልኩን እዚህ እንዳልለጥፍ ለምኖኛል፤ የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ስትሄዱ ካርቶኑን ይዛችሁ ሂዱ፤ "ጥዬዋለሁ" ካላችሁት ሰብዉፈሩን ገልብጦ ጀርባውን እስኪያነብ ድረስ ሲነጫነጭባችሁ ነው የሚውለው።